ፈተና በደረሰ ቁጥር «ሆዴን» የሚለው ልጅ

ክሊኒክ ውስጥ በተደጋጋሚ የምሰማት ነገር አለች። «ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ምንም አይለው።» ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ይመረመራል፤ ሁሉም ደህና። ይሄኔ አባት ወደ ልጁ ዞር ብሎ «አስመሳይ! ትምህርት ላለመሄድ ነው አይደል?» ይላል።

ልጁ ግን አላስመሰለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተገናኙ ስለሆኑ ፍርሃት ሆድ ላይ ይወጣል። እኛ አዋቂዎቹስ «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆድ ባሰኝ» እንል የለ? ልጁ ገና «ፈርቻለሁ» ማለት ስላልለመደ ነው «ሆዴን» የሚለው።

(ነገር ግን ሕመሙ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካለው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ይየው።)

የስሜት ብልህነት የምንለው የራስን ስሜት ማወቅ፣ ስም መስጠትና መግራት፣ የሌላውንም መረዳት ነው። ዝምተኛ መሆን ማለት አይደለም። እንዲያውም «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» የምንለው ልጅ ሁሉን በሆዱ የያዘ ሊሆን ይችላል።

ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው? ልጁ ሒሳብ ሲሠራ ቁጥሮቹን ለጊዜው በአእምሮው መያዝ አለበት። ፍርሃት ሲገባ ያንን ቦታ ይሻማዋል። ማታ ቤት ያንበለበለው ትምህርት ጠዋት ፈተና ላይ ድርግም የሚልበት ለዚህ ነው። ንዴትም እንደዚሁ ነው፤ «ተናድጃለሁ» ማለት የማይችል ልጅ በቡጢ ይናገራል፣ ከዚያ «ረባሽ» ተብሎ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በ27 አገራት ከ42 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተቱ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ የስሜት ብልህነት ያላቸው ልጆች በትምህርትም የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ከማሰብ ችሎታና ከትጋት ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጥናትን ይተካል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ደስ የሚለው ግን ችሎታው በትምህርት የሚዳብር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ በእነዚህ የተማሩ ልጆች በውጤትም በጠባይም ተሻሽለው አግኝቷል።

ቤት ውስጥስ? ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት «የትኛው ትምህርት አስጨነቀህ?» እንበል። «ምን ያስፈራል! ዝም ብለህ ሥራ» ሲባል ልጁ ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ለእናንተ መናገሩን ነው የሚያቆመው። «ፈተናው ያስፈራህ ይመስላል» ማለት ይሻላል። ይህ ማለት ግን ማሞላቀቅ አይደለም፦ «መናደድህ ገብቶኛል፤ እህትህን መምታት ግን አይቻልም።» እኛም ጮኸን ከሆነ «ደክሞኝ ነው የጮህኩብህ፣ ይቅርታ» ብንለው ከየትኛውም ምክር በላይ ይማርበታል።

ሆዱን ያመመው ቀን ሁሉ ቤት አታስቀሩት፤ ፍርሃቱ ይብስበታል። ሸኙት፣ ከመምህሩም ጋር ተነጋገሩ። በእረፍት ሰዓት የሚመታው ልጅ ሊኖር ይችላል። ወይም ደግሞ ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፤ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ ስንት ጊዜ «ሰነፍ» እንደተባለ ቤት ይቁጠረው።