አጭር መልእክት፣ ብዙ አንባቢ፦ ኤክስን (የቀድሞውን ትዊተር) ስለ መጀመርና በጨዋነት ስለ መጠቀም

በወላጆች ስብሰባ ላይ በየዓመቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ስልኩን ለምን አንቀማቸውም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከጭንቀት የመጣ ስለሆነ አይናቅም። ነገር ግን ናይሮቢ ውስጥ የሚያድግ ልጅ የራሱን ስልክ ቢነጠቅ የጓደኛው አለ፣ የታላቅ ወንድሙ አለ፣ የሰፈሩ ሳይበር ካፌም አለ። ማወቁ ካልቀረ በትክክል ቢያውቀው ይሻላል በሚል እምነት ይህን ትምህርት ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን አዘጋጅቻለሁ። ትምህርቱ የሚመለከተው ቀድሞ ትዊተር፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኤክስ የተባለውን የአጫጭር መልእክት መድረክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስሙ ቢቀየርም አብዛኞቻችን «ትዊተር» ማለቱን አልተውንምና ሁለቱንም ስም እያቀያየርሁ እጠቀማለሁ።

ትዊተር ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። ያን ጊዜ አንድ መልእክት ከ140 ምልክት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አገልግሎቱ የታሰበው በተራ ሞባይል፣ በኤስ ኤም ኤስ እንዲሠራ ስለነበር ነው። አንድ ኤስ ኤም ኤስ 160 ምልክት ይይዛል፤ 20ው ለላኪው ስም ተተወና 140ው ለመልእክቱ ቀረ። በ2017 ወሰኑ ወደ 280 ከፍ አለ። አጭርነቱ ከዚህ የመጣ እንጂ ለተሳዳቢ እንዲመች ታስቦ የተደረገ አይደለም።

ይህ አጭርነት ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከናኩሩ ከተማ አጠገብ ላኔት ኡሞጃ የሚባል ቀበሌ አለ። የአካባቢው ቺፍ የነበሩት ፍራንሲስ ካሪዩኪ በ2012 የዓለም የዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ የጻፉላቸው ሰው ናቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የአንድ መምህር ቤት ሌቦች እንደመጡበት ተደወለላቸው። ቺፉ በትዊተር አንድ አጭር መልእክት ላኩ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጎረቤት ቤቱን ከበበና ሌቦቹ ሸሹ። በግ ሲጠፋም በዚሁ መንገድ ያሳውቁ ነበር። አብዛኛው የመንደሩ ሰው ዘመናዊ ስልክ አልነበረውም፤ መልእክቱን የሚቀበለው በተራ ስልኩ በኤስ ኤም ኤስ ነበር። እኚህ ሰው ምን አደረጉ? ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፉ፤ በቃ። የመጀመሪያ ትዊቱ «ሰላም ነው? ቦሮኛል» የሆነ ተማሪ ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንሂድ። አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። ደንቡ የድርጅቱ ነው፤ ዕድሜውን ጨምሮ የሞላ ልጅ በዚያ መድረክ ላይ የመጀመሪያ ሥራው ውሸት ሆነ ማለት ነው። በመጠሪያ ስማችሁ ውስጥ የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር ወይም የትምህርት ቤት ስም አታስገቡ። የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን፤ ለቅርብ ጓደኛም አይነገርም። ጓደኝነት ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚበላሸው አካውንት ነውና። ሁለተኛ ማረጋገጫውንም አብሩት፤ በኤስ ኤም ኤስ የሚላከው ኮድ ከ2023 ወዲህ ለሚከፍሉ ብቻ ስለሆነ ኮድ በሚያወጣ አፕሊኬሽን ይደረጋል። የመምህራችሁን ወይም የወላጅን እገዛ ጠይቁ።

ከዚያም አንዲት ቃል ሳትጽፉ ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ ጽሑፎቻችሁን የተጠበቁ አድርጓቸው። እንዲህ ሲሆን የምትጽፉትን የሚያነበው እናንተ የፈቀዳችሁለት ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንበብ ብቻ ይበቃል። አሥር ያህል አካውንት ምረጡና ተከተሉ፤ አንድ የሳይንስ፣ አንድ የስፖርት፣ አንድ ወይም ሁለት የዜና። ሰማያዊ ምልክት ያለው ሁሉ የታመነ ነው የሚለውን የድሮ ግምት ተዉት፤ ምልክቱ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በክፍያ የሚገኝ ሆኗል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ኤክስ የላቲንን ፊደል እንደ አንድ ሲቆጥር የእኛን ፊደል እንደ ሁለት ይቆጥራል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ ለእነሱ ግን ስድስት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ያለን ቦታ 280 ሳይሆን 140 ፊደል ገደማ ነው። አራት ነጥቧም ሁለት ትበላለች። አትከፉ፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ በተግባር ብዙም አንጎዳም። የሚከተለውን ተመልከቱ፦ «ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ተረስቷል። ስም አልተጻፈበትም። ቢሮ መጥታችሁ ውሰዱ።» ምንም አልጎደለውም፤ ግማሽ ያህሉ ቦታ ግን ገና ባዶ ነው።

ሃሽታግም በአማርኛ ይሠራል፤ ነገር ግን ባዶ ቦታ ወይም ነጥብ ሲገባበት ይቆረጣል። ከዚህም ሌላ #ፀሐይ፣ #ጸሐይ እና #ፀሀይ ለእኛ አንድ ፀሐይ ቢሆኑም ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። የአማርኛ መምህራኖቻችን ስለ ሞክሼ ሆሄያት ሲናገሩ «ዛሬ ማን ግድ አለው» የምትሉ ተማሪዎች ይህቺን ያዙልኝ።

ስለ ጨዋነት ሲነሣ ከዚሁ ከቋንቋችን ልጀምር። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ ቃል አለው፤ እኛ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» አለን። በትዊተር ላይ የሰውየው ሽበት አይታይም። ፕሮፋይሉ ላይ የአበባ ፎቶ የለጠፈው ሰው የሰባ ዓመት አዛውንት ሊሆን ይችላል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ገብቶ «አንተ ምን ታውቃለህ» ይለዋል። የማታውቁትን ሰው «እርስዎ» በሉ። እኩያችሁ ሆኖ ቢገኝ ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

ቀልድም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር የተናጋሪውን ዓይንና ድምፅ ይፈልጋል፤ በስክሪን ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያነበው ሰሙን ብቻ ነው። «በአማርኛ ስለጻፍኩ ኬንያዊው ጎረቤቴ አይገባውም» ማለትም አያዋጣም፤ መተርጎሚያ አለ፣ አንድ ጊዜ ይነካል። ትርጉሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻካራ ነው። «አንጀቴን በላኝ» ብላ በርኅራኄ የጻፈች ልጅ በትርጉም ሆድዋን አውሬ የበላት ልትመስል ትችላለች። የምትኖሩበትን አገር ሰዎች በሚመለከት ስትጽፉ እነሱ አጠገባችሁ ቆመው እያነበቡ እንደሆነ አድርጋችሁ ጻፉ፤ በእርግጥም እያነበቡ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው ግን ስለ መርዶ ነው። በባህላችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ዜናው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሐዘንተኛው ወዳጆች ነው። ተማክረው፣ ትልቅ ሰው ይዘው፣ ማለዳ ሰዉ ከቤት ሳይወጣ በር ያንኳኳሉ። ነፍሰ ጡሯ፣ ልበ ደካማው፣ ለብቻዋ የምትኖረው ሁሉ ታስበው የተሠራ ሥርዓት ነው። አሁን ግን አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው የሟችን ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ናይሮቢ ይደርሳል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን የአጎቱን ሞት ያወቀው በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ጓደኛው ስልክ ላይ ነው። እናቱ ገና አልሰማችም። ልጁ ያን ሁሉ ይዞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተቀመጠ፤ ማታ እናቱን ምን ብሎ እንደሚያያት እያሰበ። መምህሩ ፊቱን አይተው ወደ ቢሮ አመጡት፤ የእናቱ ወዳጆች ተጠርተው ነገሩ በወጉ ሆነ። የለጠፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ አዝኖ ነው የጻፈው። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ የጻፈውን ማን ማን ሊያነበው እንደሚችል።

ስለዚህ የሞት፣ የአደጋ ወይም የመታሰር ዜና ስታገኙ የቅርብ ቤተሰቡ ራሱ እስኪያሳውቅ ድረስ አትለጥፉ፣ አታጋሩም። የምታውቁት ሰው ቤተሰብ ከሆነ ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለትልቅ ሰው ንገሩ።

ፎቶግራፍም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በትምህርት ቤታችን ውስጥ የመጡበት ምክንያት የተለያየ ቤተሰቦች አሉ። ለሥራ የመጣ አለ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አለ፣ ስደተኛ ሆኖ ጉዳዩን የሚጠባበቅ አለ፤ የት እንዳለ እንዲታወቅ የማይፈልግም አለ። ለምን ብለን አንጠይቅም። አንድ የክፍል ፎቶ ግን ዩኒፎርሙን፣ የበሩን ጽሑፍና የሠላሳ ልጅ ፊት በአንድ ጊዜ ያሳያል። የለጠፈው ልጅ «የእኔ ፎቶ ነው» ሊል ይችላል፤ ከሠላሳው ፊት የእሱ አንዱ ብቻ ነው። የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግም የልጅን የግል መረጃ ለመጠቀም የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ኖሮ ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ከሥሩ የምስል መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ዓይነ ስውራን በስልካቸው የሚሰሙት እሱን ነውና አትዝለሉት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ የእኛ ልጆች ከጥቂቶቹ ቢሆኑ ምን አለበት?

«ከጠላሁት አጠፋዋለሁ» የሚል ተማሪም አለ። ከራሳችሁ ገጽ ይጠፋል፤ ስክሪንሹት ካነሣው ሰው ስልክ ግን አይጠፋም። ማስተካከልም የሚቻለው ለሚከፍል ሰው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ጠብ ሲመጣስ? ኬንያውያን በትዊተር ላይ ተባብረው ሲነሡ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በ2015 ታይቷል። ሲ ኤን ኤን አገራቸውን የሽብር መናኸሪያ አስመስሎ ባቀረበ ጊዜ በአንድ ሃሽታግ ተነሥተው ብዙዎቹ በቀልድ ሞገቱት፤ በመጨረሻ የጣቢያው ከፍተኛ ኃላፊ ናይሮቢ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ያ ተቋምን የሚሞግት ብዙ ሰው ነበር። ያው ብዛት በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ላይ ሲወርድ ግን ሙግት አይባልም። «እኔ አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፍኩት» ይላል እያንዳንዱ፤ ለተጻፈባት ልጅ ግን የሚደርሳት ድምሩ ነው።

በብሔርና በሃይማኖት መሰዳደብን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ በዚህ ግቢ ውስጥ የማይባል ነገር በስልክም አይባልም። ሕጉም ቀልድ አያውቅም። የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ለተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የኬንያም የ2018 የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ ሰውን በኢንተርኔት ማስጨነቅን በወንጀል ይቀጣል።

የተሰደባችሁ ልጆች አትመልሱ። ማስረጃ እንዲሆን ስክሪንሹት አንሡ፤ ከዚያ ድምፁን አጥፉት ወይም ብሎክ አድርጉት። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ግን ብሎክ የተደረገ ሰው ለሁሉም ክፍት የሆነውን ጽሑፋችሁን ማንበብ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ያልኩት የተጠበቀ አካውንት ከብሎክ ይበልጣል። ለወላጅ ወይም ለክፍል ኃላፊ መምህር በዚያው ቀን ንገሩ። ወላጆችም ልጁ ሊነግራችሁ ሲመጣ መጀመሪያ ስልኩን አትንጠቁት፤ ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም።

በሚቀጥለው መንፈቅ ከኮምፒውተርና ከአማርኛ መምህራን ጋር ሆነን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ «የወረቀት ትዊተር» እንጀምራለን። እያንዳንዱ ካርድ በ14 ረድፍና በ10 ዓምድ የተሰመረ 140 ሳጥን ነው፤ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን። ተማሪው መልእክቱን ጽፎ ይለጥፋል፤ ሌላ ተማሪ ደግሞ በካርዱ ጀርባ «ይህን ሌላ ማን ሊያነበው ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት ሰዎች ይጽፋል። ጸሐፊው ጀርባውን ካነበበ በኋላ ካርዱን ሊያነሣው፣ ሊያስተካክለው ወይም ሊተወው ይችላል። ወላጆችም ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ገብታችሁ ጻፉ፤ ካርዱና እርሳሱ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።