ለናፍጣ ጭነት መኪና የትኛው የአየር ማጣሪያ ይሻላል?

ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ በደንብ እንዲቃጠል 10 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል። በፒስታ መንገድ ላይ ይህ አየር አቧራ ይዞ ይገባል። ሹፌሮች ፊልትሮ የሚሉት ማጣሪያ ካላስቀረው፣ አቧራው ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላል።

የፋብሪካው ማጣሪያ ጠፍቶ ሌላ ስንገዛ ሦስት ነገር እንይ፦

1ኛ/ ልኩ፦ የዳሩ ጎሚኒ ከቤቱ ጋር ዙሪያውን ይግጠም።

2ኛ/ ዓይነቱ፦ ዘይት የተቀባ የጥጥ ማጣሪያ አየር እንደ ልብ ያሳልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አቧራም አብሮ ያሳልፋል። አቧራ ለበዛበት መንገድ ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ ይመረጣል።

3ኛ/ እጥፋቱ፦ የወረቀቱ እጥፋት ብዙና እኩል የተደረደረ ከሆነ ቶሎ አይታፈንም።

ያሳደገኝ አጎቴ በርካሽ የገዛው ማጣሪያ ጎሚኒው ቀጭን ነበር። «ገብቷል እኮ፣ ምን ችግር አለው!» አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር፤ ሞተሩም ወረደ። ለእኛ ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ጋራዥ ገባ።

ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ በገባ በሳምንቱ ሞተሩን አጥፍቶ ከማጣሪያው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ አቧራ ካነሳ ማጣሪያው ያሳልፋል ማለት ነው፤ ይለወጥ። ሳይቃጠል በቅጠል!