ቆዳን በየዕለቱ ከፀሐይ ስለ መጠበቅ

የፀሐይ ብርሃን አጥንትን የሚያጸና ቢሆንም፥ በውስጡ ያለው የማይታይ ጨረር ሲበዛ ቆዳን ይጎዳል። ጨረሩም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 ያህል ስለሚበረታ፥ የደጋ አየር መቀዝቀዙ ሊያታልለን አይገባም።

ጥቁር ቆዳ ሜላኒን በሚባለው ቀለም በመጠኑ ይጠበቃል። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ግን ይህ ቀለም ስለሚጎድላቸው ቆዳቸው ቶሎ ይቃጠላል፤ ውሎ አድሮም በቆዳ ካንሰር ሊያዙ ይችላሉ። ሁኔታው በዘር የሚወረስ ነው እንጂ ተላላፊ በሽታ ወይም እርግማን አይደለም።

ስለዚህ መምህራንን የምናሳስበው፥ እንዲህ ያለውን ልጅ በሰልፍ ጊዜ ከጥላ ሥር እንዲያቆሙት፥ የማየት ኃይሉም ደካማ ስለሆነ በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው አጠገብ እንዲያስቀምጡት ነው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ባርኔጣ ማድረግን ቢከለክል እንኳ ለእርሱ ሊፈቀድለት ይገባል።

ወላጆችም ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፀሐይ ይከልሉት። ሲወጣ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ያልብሱት፤ ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋልና አይበቃም። ቁጥሩ ከ30 የማያንስ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ቀብተው በየ2 ሰዓቱ ይድገሙለት። በ1 ወር ውስጥ ያልዳነ ቁስል ከታየ፥ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ።

ባርኔጣ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለዚህ ልጅ ግን ሕይወቱን የሚጠብቅ ጋሻ ነው።