ከተማን ለማቅናት ስለሚያስፈልገው ገንዘብ፤ የጨርጨር ምሳሌ

መንገድ ለማስጠረግ፤ ድልድይ ለማሠራት፤ ውሃ ለማስመጣት የታሰበ እንደሆነ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ገንዘቡ ከማን ወጥቶ በማን እጅ እንደሚጠበቅ ነው። በቀድሞው ዘመን ባላገሩ በጉልበቱ ይሠራ ነበር፤ ሹሙም ደመወዝ ስላልነበረው ከገባሩ ይበላ ነበር። እንዲህ የተጠረገውን መንገድ ክረምት ቢያፈርሰው ወዶ የሚጠግነው አልነበረም።

ከጣልያን ወረራ በፊት ጨርጨር ለሌላው አገር ምሳሌ እንዲሆን ተመርጦ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በገዙት ጊዜ ሹማምንቱ በገባር ማደራቸው ቀርቶ በደመወዝ እንዲያድሩ፤ የባላገሩም ግብር የተወሰነ እንዲሆን ተደረገ። የአገሩ ቡና ከደጋው ወርዶ በሚኤሶ ባቡር ጣቢያ በኩል ወደ ጅቡቲ ይሄድ ስለነበር የአሰበ ተፈሪ፤ የዛሬይቱ ጭሮ፤ ጥቅም በመንገድ የተመሠረተ ነበር።

በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የሐረርጌ የተለካ መሬት አሥራቱን ጨምሮ በያንዳንዱ ጋሻ ለሙ 50 ብር፤ ለም ጠፉ 40 ብር፤ ጠፉ 15 ብር ተወሰነበት። ይህ ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ባላገሩ ከዘፈቀደ አስከፋይ ዳነ፤ ነገር ግን የአውራጃው ገዢ ለፈረሰ ድልድይ የሚሆን ገንዘብ ከማዕከል መለመን ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለከተሞች የራሳቸውን ገቢ ሰጣቸው። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጨመረው የትምህርት ግብር ደግሞ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለትምህርት ቤት እንዲውል ታሰበ። ከፋዩ ልጁ የሚማርበትን ቤት በዓይኑ ሊያይ ስለሚችል፤ ከሁሉ ይልቅ ብልሃት ያለበት ይህኛው ይመስላል።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፤ በ1968 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ታወጀ። የቦታና የቤት ዋጋ እጅግ ሲያድግ ያ ተመን ግን ለብዙ ዘመን ወደ ኋላ ቀረ፤ ስለዚህ በፊቱ መንገድ የተነጠፈለት ባለቤት ካገኘው ትርፍ ለመንገዱ የሚመልሰው ጥቂት ነበር። የንብረት ግብር አዋጅ የወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው።

እስከዚያው ከተሞች በሊዝ ገንዘብ ተደገፉ። ሊዝ ለአዲስ ሥራ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ ቦታ ተመልሶ አይሰጥም፤ የጨርጨር ጎርፍ ግን በየዓመቱ ይወርዳል። የመንገድ ጥገናና የቦይ ጠረጋ ወጪ በየዓመቱ ከሚገባው ግብርና ከገበያው ኪራይ ላይ ተለይቶ፤ ከሰኔ በፊት በመዝገብ ሊቀመጥ ይገባዋል።