በቀይ ጉልበት ዋጋ አይቆረጥም

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ባለ ቀይ ጉልበት የምትባለው የሜክሲኮ ታራንቱላ አንድ ዓይነት ናት ወይስ ሁለት?

አዛውንት፦ ሁለት ናቸው። ብራኪፔልማ ስሚቲ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ብራኪፔልማ ሃሞሪ ልክ መቶ ዓመት ቆይታ በ1997 ተለየች። ሁለቱም በሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ ይኖራሉ፤ የሚለያያቸው የባልሳስ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ሃሞሪ በሰሜን በኩል በኮሊማ፣ በሃሊስኮና በሚቾአካን ትገኛለች፤ ስሚቲ በደቡብ በኩል በጌሬሮ። ሁለቱም ጥቁር ገላ፣ ብርቱካናማ ጉልበትና ፀጉራም ሆድ አላቸው። ጉልበቱን ብቻ አይቶ ስም የሚጠራ ሻጭ ስለዚህ ምንም አልተናገረም።

ጠያቂ፦ ታዲያ በምን ይለያሉ?

አዛውንት፦ ከፊት ለፊት ትታያለች። ጥርሶቿ የሚወጡበት ወፍራሙ የመንጋጋ ክፍል ላይ፣ በግራጫማው መደብ፣ ወደ ቡና የሚያደላ ሮዝ የፀጉር ሰንበር አለ። በሃሞሪ ሁለት ነው፤ በስሚቲ አንድ። ይህ ምልክት ግን የሚያስተማምነው ያደገችና ቆዳዋን በቅርቡ የለወጠች ሸረሪት ላይ ነው። ቆዳ ልትለውጥ የተቃረበች ቀለሟ ይደበዝዛል፤ ጨቅላዋ ደግሞ ገና መልኳን አልያዘችም። እርግጡ የሚገኘው የወንዱን ዘር የምታጠራቅምበትን የሴቷን ከረጢት ቅርጽ በማየት ነው፤ እሱም የጣለችው ቆዳ ላይ ይቀራል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው ወደ ዘረመል ምርመራ ይሄዳል።

ጠያቂ፦ የሻጩ መዝገብ ስሙን ጽፎ ከሰጠኝስ? አይበቃም?

አዛውንት፦ መዝገቡ መቼ እንደተጻፈ ይታያላ! ሜንዶዛ እና ፍራንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ወገን እንደገና መርምረው፣ በዘረመልም አመሳክረው አንድ ነገር አወጡ። በገበያው ስሚቲ እየተባለች በብዛት የተሸጠችው በእውነቱ ሃሞሪ ነበረች። እውነተኛዋ ስሚቲ ደግሞ አኒታ በሚል ሌላ ስም ስትሸጥ ቆይታለች፤ አኒታ የሚባል የተለየ ዝርያም የለም ተባለ። እንግዲህ ሸረሪቶቹ ከሳጥናቸው ሳይነቃነቁ ስም ተቀያየሩ። ከ2017 በፊት ስሚቲ ተብላ የተጻፈች ዛሬ ሃሞሪ ልትሆን ትችላለች፤ አኒታ ተብላ የተገዛችው ስሚቲ። ያንን ያላወቀ ገዢ የተለመደችዋን በብርቅ ዋጋ ይገዛል፤ ሻጩም ሳያውቅ ያታልላል። ይህን ስሕተት ከተንኮል መለየት ከባድ ነው።

ጠያቂ፦ ስሟ ከታወቀ ዋጋዋ በምን ይቆረጣል?

አዛውንት፦ በመጀመሪያ በጾታ። ሴቲቱ ከሃያ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ወንዱ ከጎለመሰ በኋላ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ያደገች፣ ጾታዋ በጣለችው ቆዳ የተረጋገጠች ሴት ከሁሉም ውድ ናት። የጎለመሰ ወንድ፣ ከአፉ አጠገብ ያሉት እጆቹ ጫፍ አብጦ፣ የፊት እግሮቹ መንጠቆ አውጥተው ይታወቃል፤ ዕድሜው እያለቀ ነውና በርካሽ ይሸጣል፤ ማራባት ለሚፈልግ ብቻ ዋጋ አለው። ጨቅላዎቹ ርካሽ ናቸው፤ አንዲት እናት ከአንድ የእንቁላል ከረጢት በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ትፈለፍላለች፤ ጾታቸውም ገና አይታወቅም። ገዢው ርካሽ የሚያገኘው ዓመታት ስለሚያስጠብቁት ነው፤ እድገታቸው እጅግ አዝጋሚ ነው።

ጠያቂ፦ ሻጩ «ሴት ናት» ሲለኝ ልመነው?

አዛውንት፦ የጣለችውን ቆዳ አሳየኝ በለው። ከሌለው ጾታዋ እንዳልታወቀ ጨቅላ አድርገህ ዋጋ ስጣት።

ጠያቂ፦ ወረቀትስ?

አዛውንት፦ ስሚቲ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሳይትስ በሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናት፤ በኋላም መላው የብራኪፔልማ ወገን ገባ። ድንበር የምትሻገር ሸረሪት ፈቃድ ያስፈልጋታል ማለት ነው። የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነች የሚያሳይ የእርባታ መዝገብ ያላት ከሌላት ትበልጣለች፤ ከዱር የተለቀመችውን ግን በርካሽም ቢሆን አለመግዛት ይሻላል፤ ሕገወጥም ልትሆን ትችላለች።

ጠያቂ፦ ስሟ ጨርሶ ካልታወቀስ፣ ዋጋ የላትም ማለት ነው?

አዛውንት፦ አላት፤ ለመመልከት ከሆነ ሃሞሪም ስሚቲም ያው ውብ ናቸው። ነገር ግን «ብራኪፔልማ፣ ዝርያዋ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይጻፍባታል፤ ከሁለቱም ዋጋ ዝቅ ብላ ትሸጣለች። ከወንድ ጋርም አትጣመርም፤ ሁለቱ ዝርያዎች ከተዳቀሉ ልጆቻቸውን በሰንበር ቆጠራ መለየት አይቻልምና።