የማጥቢያ ጡት መያዣን ከሸማ በቤት መስፋት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ፈቃዱ የሚያበቃው ስድስቱ ወር ሳይሞላ ነው። ስለዚህ በአምበር ከተማ የምትሠራ የሱቅ ሠራተኛ ቀሪውን ጊዜ የምታጠባው በሥራ ልብሷ፣ በአጭር ዕረፍት፣ ምናልባትም በሰው ፊት ነው። ነጠላ ገመናን ይሸፍናል እንጂ ጡትን አይደግፍም፤ ተራው ጡት መያዣ ይደግፋል እንጂ ለማጥባት አያመችም። ሁለቱን የሚያሟላ ልብስ ከሸማ በእጅ መርፌ ሊሰፋ እንደሚችል ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ በ1914 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት ጡት መያዣም መነሻው ሁለት የሐር መሐረብና ጥብጣብ ነበር።

ዋናው ጥያቄ የጨርቁ መለጠጥ ነው። ሸማ በድሩም ሆነ በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም። በሰያፍ፣ ማለትም ከድሩ በ45 ዲግሪ አጋድሎ ሲቆረጥ ግን ክሮቹ ስፍራቸውን ስለሚለዋውጡ ጨርቁ ይሳባል፤ ሲለቀቅም በአብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ ጡት የሚያርፍበት ክፍል በሰያፍ፣ ከጡት ሥር የሚዞረው ቀበቶና የትከሻው ማንገቻ ግን በድሩ አቅጣጫ ሊቆረጡ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሸማ ድር የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ በመሆኑ ጥንካሬው በድሩ በኩል ነው። ጥጥ ስለሚሰበሰብ ጨርቁ ሳይቆረጥ መታጠብ አለበት፤ ጫፉም ስለሚተረተር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል።

የማጥቢያ ልብስ ቁም ነገሩ ቁልፉ ሳይሆን ከውስጥ ያለው ደጋፊ ነው። ከማንገቻው እስከ ቀበቶው በጡቱ ጎን የሚወርድ ጠባብ የጨርቅ ጠፍር ካልተሰፋ፣ የፊቱ ክፍል ሲከፈት ማንገቻው መያዣ አጥቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የፊቱ ክፍል ከላይ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይያዝ፤ ሌላኛው እጅ ሕፃኑን ይዟልና።

ቀበቶውን በመንጠቆ ከመዝጋት ይልቅ እንደ መቀነት በጎን ማሰር በእኔ ግምት የተሻለ ነው። የጡት መጠን በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ማሰሪያ ደግሞ ይላላል፣ ይጠብቃል። ልኬቱ ጡቱ ሞልቶ ሳለ፣ ከማጥባት በፊት ይወሰድ። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልብስ መጥበቅ የወተት ቧንቧ እንዲዘጋ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ሽቦ አይገባበትም፤ የስፌቱ እጥፋትም ወደ ውጭ ይሁን። ልብሱ ሲወልቅ ቆዳ ላይ ሰንበር ከተወ ጠብቋል ማለት ነው። ጡት ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ግን ጉዳዩ የስፌት ሳይሆን የጤና ጣቢያ ነው።

ሸማ ወተት ይመጥጣል፤ በክረምት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። አንዱ ሲለበስ፣ አንዱ ሲታጠብ፣ አንዱ ሲሰጣ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል።