የሙሴ አንደበትና የአሮን ወንድምነት

ሙሴ ወደ ፈርዖን እንዲሄድ በታዘዘ ጊዜ አንደበቱ የማይፈታለት ሰው መሆኑን ለእግዚአብሔር አመለከተ። እግዚአብሔርም አፍን የፈጠረ እርሱ መሆኑን አስታወሰው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ስፍራ ምላሱን ፈወሰለት የሚል ቃል አናገኝም፤ የምናገኘው ወንድሙን አሮንን እንደ ሰጠው ነው (ዘጸ. 4)። ሙሴ የ80፥ አሮን የ83 ዓመት ሰዎች ሳሉ ባንድነት በፈርዖን ፊት ቆሙ። በኋላም ያው ሙሴ በሞዓብ ምድር ለእስራኤል ሁሉ ራሱ ተናገረ (ዘዳ. 1)።

መንተባተብ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፤ የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ብዙዎቹን ልጆች ይለቃቸዋል፤ ከ100 ጎልማሶች ግን በአንዱ ያህል ላይ ጸንቶ ይቀራል። ተብታባ የሚለውን ያውቃል፤ ቃሉ ይዘገይበታል እንጂ። ከመንተባተቡም ይልቅ የሰሚው ሣቅ ይጎዳዋልና ዝም ይላል፥ ከማኅበርም ይርቃል።

ብቻውን ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ከሌሎች ጋር ሲዘምር ወይም ባንድ ድምፅ ሲያነብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምላሱ ይፈታለታል። የባልንጀራን ጥቅም ያወቁ ተብታቦችም በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመረዳጃ ማኅበር አቋቁመዋል። እኛም የቅዳሴው ተሰጥኦና መዝሙሩ አሉልን።

ነገር ግን ከማኅበር ጋር መዘመሩ የብቻ ተራውን መከልከያ አይሁን። ዲያቆኑ በምንባብ ላይ ቢዘገይ ቃሉን አንንጠቀው፤ እስኪፈጽም በትዕግሥት እንጠብቀው፤ የሚሥቀውንም እንገሥጽ። እግዚአብሔር ለሙሴ አሮንን እንደ ሰጠ፥ እኛንም ለወንድማችን አሮን ያድርገን።